«ዲስትራክትድ ነበርኩ» ስንል ምን ማለታችን ነው? — ልብ ሲጎተት፣ ሰው ሲባክን

የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አማርኛችን ውስጥ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል። «ስብከቱን በደንብ አልሰማሁትም፣ ዲስትራክትድ ነበርኩ» እንላለን። የልጃችን አስተማሪ ታስጠራንና «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ኢዚሊ ዲስትራክትድ ነው» ትለናለች። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ባነበብነው መጽሐፍም ይኸው ቃል ነበር። አንድ ሰው ሲያወራን ስልካችንን እያየን «እ? ምን አልክ?» ካልን በኋላም ይቅርታ የምንጠይቀው በዚሁ ቃል ነው።

«ፓስተር፣ ዛሬ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ ስለ ራሳችን የምንናገረውን ቃል ትርጉሙን ሳናውቅ ከተናገርነው፣ ስለ ራሳችን ምን እየመሰከርን እንደ ሆነ አላወቅንም ማለት ነው። ይህ ቃል ደግሞ ከምናስበው በላይ ከባድ ነው።

የምናነበው ክፍል ሉቃስ 10፥38-42 ነው። ከእርሱ ጋር 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥32-35ን እናያለን። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱ። በስልክ የምታነቡ ካላችሁ፣ ከላይ ወረድ ወረድ የሚለውን መልእክት ለጊዜው ዝጉት።

1. ቃሉ ከየት መጣ?

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ትራሄሬ» ማለት መጎተት፣ መሳብ ማለት ነው። «ዲስ» ደግሞ ወዲያና ወዲህ፣ መለያየትን የሚያሳይ ነው። ሁለቱ ሲገጠሙ ወደተለያየ አቅጣጫ መጎተት ይሆናል። ከዚሁ ከ«ትራሄሬ» የወጡ ሌሎች ቃላት በቤታችን አሉ። ትራክተር ከዚህ ነው፤ ጎታች ነውና። ኮንትራት ከዚህ ነው፤ ሁለት ወገኖችን ስቦ በአንድ ስምምነት ያገናኛል። «አትራክት» የሚለውም ከዚህ ነው፤ ወደ ራስ መሳብ ማለት ነው። እንግዲህ ዲስትራክሽን የእነዚህ ወንድም ነው፤ ግን ኮንትራት ሲያገናኝ እርሱ ይበትናል።

ልብ በሉ፤ ቃሉ መርሳት ማለት አይደለም። መተኛት ማለትም አይደለም። ስንፍና ማለትም አይደለም። የሚጎተት ሰው ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ብርቱ ሰው ነው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን አስቡ። ሁለቱም ጉልበት አላቸው። ነገር ግን አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ቢጎትት ትልሙ ይጣመማል። ችግሩ የጉልበት ማነስ ሳይሆን የአቅጣጫ መብዛት ነው። ጌታችንም በሉቃስ 9፥62 ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚያይ ሰው ተናግሯል። ያ ሰው እርሻውን ጥሎ አልሄደም፤ እጁ ዕርፉ ላይ ነው። የሄደው ዓይኑ ነው።

2. እንግሊዝኛ ቃሉን እንዴት ይጠቀምበታል?

ቃሉ ቢያንስ ሦስት አጠቃቀም አለው።

የመጀመሪያው ሁላችን የምናውቀው ነው፤ ትኩረትን ማጣት። ሁለተኛው መዝናኛ፣ ማረሳሻ ነው። ፈረንሳዮች «ዲስትራክሲዮን» ሲሉ ብዙ ጊዜ መዝናናትን ማለታቸው ነው። በእንግሊዝኛም ሰው ሐዘን ወይም ጭንቀት ሲይዘው «አንድ ዲስትራክሽን ያስፈልገኛል» ይላል። ይህ ማለት ሰው ሁልጊዜ ሳይፈልግ አይጎተትም፤ አንዳንዴ ጎታቹን ራሱ ፈልጎ፣ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣዋል። ሦስተኛው የቆየው አጠቃቀም ነው። በድሮ እንግሊዝኛ «ዲስትራክትድ» የሚባለው አእምሮው የታወከ፣ ራሱን የሳተ ሰው ነበር። ዛሬም «ሊያሳብደኝ ነው» ለማለት «ድራይቭስ ሚ ቱ ዲስትራክሽን» ይላሉ። ዛሬ ቀለል አድርገን የምንናገረው ቃል በአንድ ወቅት የሰውን መበታተን የሚገልጽ ቃል ነበር።

ሌላም ነገር ልብ እንበል። «ዲስትራክትድ ነበርኩ» ስንል የተደራጊ አነጋገር ነው። ጎታቹ ሌላ ነው፤ እኔ ተጎታች ነኝ። ልክ «ብርጭቆው ተሰበረ» እንደሚል ሰው። ማን ሰበረው? አይባልም። እውነት ነው፣ የሚጎትት ነገር አለ። ነገር ግን ገመድ ያለ ማሰሪያ አይጎትትም። በእኔ ውስጥ ገመዱ የታሰረበት ቦታ አለ። ቃሉ የማይጠይቀንን ጥያቄ ራሳችን መጠየቅ አለብን፦ የታሰርኩት የት ላይ ነው?

አሜሪካ ያላችሁ ሹፌሮች ይህን የበለጠ ታውቁታላችሁ። የሀገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች እየነዱ ትኩረት ማጣትን በሦስት ይከፍሉታል፦ ዓይን ከመንገዱ ሲነሣ፣ እጅ ከመሪው ሲነሣ፣ ሐሳብ ከመንዳቱ ሲነሣ። የሚሰጡትም ምሳሌ አስደንጋጭ ነው። በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም ወደ 88 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳችሁ አንድ መልእክት ለማንበብ 5 ሰከንድ ዓይናችሁን ብታነሡ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነዳችሁ ማለት ነው። አምስት ሰከንድ! በዚያ መካከል ሕፃን ልጅ መንገድ ሊሻገር ይችላል።

ከሦስቱ ፖሊስ የማያየው ሦስተኛውን ነው። ዓይኑ መንገድ ላይ፣ እጁ መሪ ላይ የሆነን ሰው ማን ይቀጣዋል? ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ እንዲሁ ነው። ዓይናችን መድረኩ ላይ፣ እጃችን ተዘርግቶ፣ አፋችን እየዘመረ፣ ሐሳባችን ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ያንን ሰው አያየውም፤ ጌታ ብቻ ያየዋል።

3. አማርኛችን ምን ይላል?

ለዚህ ነገር በአማርኛ ቃል የለንም የሚል ሰው ይኖራል። አለን፤ እንዲያውም ጥልቅ ነው። ትኩረት ስጥ ለማለት «ልብ በል» እንላለን። ሳያስተውል የቀረ ሰው «ልብ ሳልል ቀረሁ» ይላል። የማያስተውለውን «ቀልበ ቢስ»፣ የሚማርከንን ነገር «ቀልቤን ሳበው» እንላለን። ቀልብ የዐረብኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ልብ ነው። በዐረብ አገር የምትኖሩ ወገኖች «ቀልቢ» ሲሉ በየቀኑ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ለእኛ ትኩረት የአእምሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ትኩረትን የሰጠ ልቡን ሰጠ፤ ትኩረትን የነፈገም ልቡን ነፈገ። ሚስት ባሏን «ልብ ብለህ አልሰማኸኝም» ስትለው የምትከስሰው ጆሮውን አይደለም።

«ተዘናጋ» የሚልም ቃል አለን። የተዘናጋ ሰው አደጋ እያለ አደጋ የሌለ መስሎት የላላ ሰው ነው። «ሐሳቤ ተበተነ» እንላለን፤ መድኃኒቱንም እዚያው «ሐሳብህን ሰብስብ» ብለን እንናገረዋለን።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንምጣ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ 10፥40 ስለ ማርታ የተጠቀመበት ቃል «ባከነች» የሚል ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥35 ደግሞ ጳውሎስ አማኞች ልባቸው «ሳይባክን» ከጌታ ጋር እንዲጸኑ ይመክራል። በግሪኩም ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። የማርታው «ፔሪስፓኦ» ይባላል፤ «ፔሪ» ዙሪያ፣ «ስፓኦ» መጎተት ነው። በዙሪያ ካለ ነገር ሁሉ መጎተት ማለት ነው። የጳውሎሱ «አፔሪስፓስቶስ» ይባላል፤ ሳይጎተቱ ማለት ነው። በ1611 የወጣው የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ ትርጉም በዚህ በጳውሎስ ቃል ላይ ያስገባው «ዲስትራክሽን» የሚለውን ቃል ነው።

እንግዲህ እንግሊዝኛውና ግሪኩ «ተጎተተች» ሲሉ፣ አማርኛችን «ባከነች» አለ። መጎተት መንገዱ ነው፤ መባከን ፍጻሜው ነው። በአማርኛ የሚባክነው ምንድን ነው? ገንዘብ ይባክናል። ጊዜ ይባክናል። ውኃ ይባክናል። ዋጋ ያለው ነገር ያለ ቦታው ሲፈስስ ባከነ እንላለን። አሁን ቃሉን አስተውሉ፤ የማርታ ጊዜ ባከነ አይልም። የማርታ ምግብ ባከነ አይልም። ማርታ ባከነች ይላል። የፈሰሰችው እርሷ ራሷ ናት!

ወገኖቼ፣ የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው። ዲስትራክሽን የሚወስድብን ሰዓታችንን ብቻ መስሎን «ጊዜ አባከንኩ» እንላለን። የሚባክነው ግን ሰው ነው።

4. ማርታን የጎተታት ምንድን ነው?

በሰዎች ዘንድ ማርታ ስሟ ጠፍቷል። እስኪ ፍትሐዊ እንሁን። ጌታን ወደ ቤቷ የተቀበለችው እርሷ ናት (ቁጥር 38)። ማርታ የሚለው ስም በአራማይክ እመቤት ማለት ነው፤ የቤቱ ባለቤት፣ እንግዳ ተቀባይ። እኛ ደግሞ እንግዳ መቀበል ምን እንደ ሆነ ይገባናል። እንግዳ ቤት ገብቶ ሳይበላ አይሄድም። የእኛ እናቶች በእርሷ ቦታ ቢሆኑ ከማድ ቤት ይወጡ ነበር?

የጎተታትም ነገር ኃጢአት አልነበረም። ቃሉ የሚለው አገልግሎት ነው፤ በግሪኩ «ዲያኮኒያ»። ዲያቆን የምንለው ቃል ከዚህ ነው። በሐዋርያት ሥራ 6 ለማዕድ አገልግሎትም፣ ለቃሉ አገልግሎትም የሚሠራበት ያው ቃል ነው። ማርታን ያባከናት ጠጅ ቤት አይደለም፤ ዲያኮኒያ ነው። ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። መጥፎ ነገር ሲጎትተን ሕሊናችን ይጮኻል። መልካም ነገር ሲጎትተን ግን ሕሊናችን ያጨበጭባል።

ታዲያ አገልግሎት መቼ መባከን ይሆናል? ከማርታ ንግግር ሦስት ምልክቶች እናገኛለን።

አንደኛ፣ ዓይኗ ከእንግዳው ተነሥቶ እኅቷ ላይ ዐረፈ። ምግቡ የሚሠራው ለጌታ ነበር፤ አሁን ግን የምታየው የማርያምን ባዶ እጅ ነው። በአገልግሎት ላይ ሳለን ማን እንዳልመጣ፣ ማን ወንበር እንዳላነሣ፣ ማን ሳህን እንዳላጠበ መቁጠር ስንጀምር፣ ልብ በሉ፤ መጎተት ጀምረናል።

ሁለተኛ፣ «ብቻዬን» አለች። ጌታ እቤቷ ተቀምጦ ሳለ ብቻዋን እንደ ሆነች ተሰማት። የተበተነ ልብ በሰው መካከል ብቸኛ ነው። ስንቶቻችን በሞላ ጉባኤ መካከል እያገለገልን ብቻችንን ነን?

ሦስተኛ፣ ጌታን ከሰሰችው፤ ከዚያም አዘዘችው። እኔ ስለፋ ግድ አይልህም ወይ ብላ ጠየቀች፤ ቀጥላም ለእኅቴ ንገራት አለች። ለማስደሰት የተነሣችለትን ጌታ አሁን ሥራ ታዝዘዋለች። ፍቅር ሆኖ የጀመረ አገልግሎት በወቀሳ ሲፈጸም፣ በመካከል አንድ ነገር ባክኗል።

የጌታ መልስ ግን እንዴት ያለ ነው! ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራት። እግዚአብሔር አብርሃምን እጁ ቢላዋ ላይ ሳለ፣ ሙሴን በቁጥቋጦው ፊት፣ ሳሙኤልን በሌሊት እንዲሁ ሁለት ጊዜ ጠርቷቸዋል። የቁጣ ጥሪ አይደለም። የተበተነን ሰው የሚሰበስብ ጥሪ ነው። ስለ ምግቡ ከመናገሩ በፊት እርሷን ጠራት፤ የባከነችው እርሷ ነበረችና።

5. ማቋረጥ ሁሉ መባከን ነውን?

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት እንጠንቀቅ። አንዲት እናት «እንግዲያው ጸሎቴን የሚያቋርጠኝ ሕፃን ልጄ ዲስትራክሽን ነው» ብላ ልትደመድም ትችላለች። አይደለም።

ማርቆስ 5ን ተመልከቱ። ጌታ ወደ ኢያኢሮስ ቤት እየሄደ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ልትሞት ነው፤ አስቸኳይ ነው። በመንገድ ላይ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት ልብሱን ነካች። ጌታ ቆመ። ሰማት። ልጄ ብሎ ጠራት። ከዚያም ወደ ኢያኢሮስ ቤት ጉዞውን ቀጠለ። መንገዱ ተቋረጠ፤ ልቡ ግን አልባከነም። ለአባቱ ፈቃድ የተሰበሰበ ልብ ለሰው መቆም ይችላል፤ ቆሞም መንገዱን አይስትም።

ነህምያ 6ን ደግሞ ተመልከቱ። ሰንባላጥና ጌሳም «ና፣ በኦኖ ሜዳ እንገናኝ» እያሉ አራት ጊዜ ላኩበት። ስብሰባ ነው የጠሩት! ጨዋ ጥሪ ይመስላል። ነህምያ ግን ታላቅ ሥራ ላይ ስለ ነበር አልወርድም አለ። በአምስተኛው ወሬ የተጻፈበት ያልታሸገ ደብዳቤ መጣ፤ ስምን የሚያጠፋ። አሁንም አልወረደም። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። እስኪ ዛሬ ስለ እኛ በስልክ የተበተነ ወሬ ብንሰማ ስንት ቀን ሥራ እንፈታለን?

ጌታ ቆመ፤ ነህምያ አልቆመም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሴቲቱ የመጣችው በእምነት፣ በችግሯ ነው። ሰንባላጥ የጠራው ሊጎዳው አስቦ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲያቋርጠን እንጠይቅ፦ ይህ ፊቴ የቆመ ሰው ነው ወይስ ከሥራዬ ሊያወርደኝ የሚጠራኝ ድምፅ ነው? ከሰጠሁት በኋላ ወደ መንገዴ መመለስ እችላለሁ ወይስ እዚያው እቀራለሁ?

6. ሰውነታችን እዚህ፣ ልባችን እዚያ

በስደት የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላው የማያውቀው መጎተት አለበት። ሰውነታችን ዳላስ፣ ልባችን ደሴ። ሰውነታችን ስቶክሆልም፣ ልባችን ጅማ። በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ሲሆን ሀገር ቤት ነግቷል፤ ስልኩ ይጮኻል። ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ይፈልጋል። የእናት የሆስፒታል ወጪ አለ። በተወለድንበት አካባቢ ተኩስ ተሰምቷል ይባላል፤ ቪዲዮው እውነት ይሁን ሐሰት ሳናጣራ እስኪነጋ እናያለን። ጠዋት ሥራ አለ። ማታ ሁለተኛ ሥራ አለ።

ይህን መጎተት ጨዋታ ነው ብዬ አልናገርም። ፍቅር ነው። ወገኑን የማያስብ ሰው ከሩቅ አይታመምም። ነገር ግን ወደ ማርታ ተመለሱ፤ እርሷንም የጎተታት ፍቅር ነበር። ፍቅር ራሱ ካልተሰበሰበ ያባክናል። ሌሊቱን ሙሉ ዜና ስናይ ብናድር፣ ለሀገራችን ምን አደረግንላት? ከዚያ ሰዓት ዐሥሩን ደቂቃ ብንጸልይስ? ከዚያ ሰዓት ዐሥሩን ደቂቃ ለእናታችን ደውለን ድምፅዋን ብንሰማስ? ስለ ሰው መጨነቅና ከሰው ጋር መሆን አንድ አይደሉም። አጠገባችን ያለው ልጅ ደግሞ ያድጋል። የእርሱ ሀገር ይህ ቤት ነው፤ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ብርሃን በበራ ፊት ብቻ እንዳይሆን።

በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። እናትሽ በምትነሣበት ሰዓት ትነሻለሽ፤ ነገር ግን ቀንሽ የአንቺ አይደለም። ይህን ትምህርት አንብበሽ «እኔ እንደ ማርያም መቀመጥ አልችልም» ብለሽ እንዳታዝኚ። ጌታ ማርታን የወቀሳት እጅዋ ስለ ሠራ አይደለም፤ ልቧ ስለ ተከፋፈለ ነው። ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥23-24 በሰው ቤት ለሚያገለግሉት ሥራቸው ለጌታ እንደ ሆነ ይነግራቸዋል። ልብስ እያጠብሽ የተሰበሰበ ልብ ሊኖርሽ ይችላል። በአንጻሩ ሙሉ ቀን ዕረፍት ያለው ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሊባክን ይችላል።

7. ልብ እንዴት ይሰበሰባል?

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ስለ ጋብቻና አለማግባት ሲናገር ማግባት ኃጢአት ነው አላለም። ሸክም ሊያበዛባቸውም እንዳልፈለገ ራሱ ይናገራል። የፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ሳይጎተቱ መሆንና ከጌታ ጋር መጽናት። «መጽናት» በተባለው ቦታ በግሪኩ ያለው ቃል «ኤውፓሬድሮን» ነው፤ በሥሩ አጠገብ ደህና አድርጎ መቀመጥን የሚያመለክት ቃል ነው። ሉቃስም ማርያም በጌታ እግር አጠገብ ተቀመጠች ይለናል። አያችሁ? መጎተትና አጠገብ መቀመጥ በሁለቱም ክፍሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ስለዚህ የዲስትራክሽን ተቃራኒው ጥርስን ነክሶ ማተኮር አይደለም። ተቃራኒው አጠገቡ መቀመጥ ነው።

በተግባር አራት ነገር ልምከራችሁ።

አንደኛ፣ ጎታቹን በስሙ ጥሩት። «ዲስትራክትድ ነበርኩ» ብላችሁ አትለፉት። ምን ጎተተኝ? ወዴት? ብላችሁ ጠይቁ። ፍርሃት ነው? ገንዘብ ነው? የሰው አድናቆት ነው? ብዙ ጊዜ ስልኩ ገመዱ ነው እንጂ ጎታቹ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ገመዱን አሳጥሩ። የዜና ሰዓት ይኑራችሁ፤ ዜናው ሰዓት አይኑረውባችሁ። እራት ላይና ጸሎት ላይ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያሉት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የምታገለግሉ ሁሉ የምትቀመጡበት እሑድ ይኑራችሁ። ድምፅ መሣሪያ ላይ፣ ካሜራ ላይ፣ ሕፃናት ክፍል፣ ማድ ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ ለዓመታት ጉባኤ ውስጥ ሆናችሁ አንድ ስብከት ተቀምጣችሁ ሳትሰሙ ልትኖሩ ትችላላችሁ። መሪዎች፣ ተራ አውጡላቸው። ቢያንስ በወር አንድ እሑድ ማርታን ከማድ ቤት አውጧት። ቡናው ቢዘገይ ይዘግይ።

አራተኛ፣ በጸሎት መካከል ሐሳባችሁ ሲሄድ ራሳችሁን አትርገሙ። ሐሳቡ የሄደበትን ነገር ይዛችሁት ተመለሱ። ወደ ቤት ኪራይ ከሄደ ስለ ቤት ኪራዩ ጸልዩ። ወደ ታመመችው አክስት ከሄደ ስለ እርሷ ጸልዩ። የጎተታችሁ ነገር ራሱ ወደ ጌታ የሚያመጣችሁ መንገድ ይሆናል።

8. ማርታ ዳግመኛ

የማርታ ታሪክ በሉቃስ 10 አያበቃም። በዮሐንስ 11 ወንድሟ ሲሞት ጌታን ልትቀበል ወጥታ የሄደችው ማርታ ናት። በቁጥር 27 ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆነ የመሰከረችው፣ ያ ታላቅ ምስክርነት የወጣው ከእርሷ አፍ ነው። በዮሐንስ 12፥2 ደግሞ ከፋሲካ በፊት በቢታንያ እራት ተደረገ፤ ማርታም ታገለግል ነበር። ያው ሥራ፤ በግሪኩም ከዲያኮኒያ የሚገኘው ያው ግሥ ነው። ማርያምም እንደ ገና እግሩ አጠገብ ናት፤ እንዲያውም ያን ሁሉ ውድ ሽቱ አፈሰሰች። የዚያን ቀን ያጉረመረመው ሌላ ሰው ነው። የማርታ ወቀሳ ግን አልተጻፈም።

እንግዲህ ጌታ ከማርታ እጅ ሥራዋን አልወሰደም። የወሰደው መባከኗን ነው። እኛም «ፓስተር አገልግሎት ተዉ አለን» ብለን እንዳንሄድ። ሥራችሁን ሥሩ፣ ለቤተሰባችሁ ላኩ፣ ወገናችሁን አስቡ፣ አገልግሉ። ነገር ግን ተሰብስባችሁ። መዝሙረኛው በመዝሙር 86፥11፣ በዕብራይስጡ ቃል፣ ስሙን እንዲፈራ እግዚአብሔር ልቡን አንድ እንዲያደርግለት ይለምናል። ልብን አንድ ማድረግ የእኛ ጉልበት ብቻ ቢሆን ልመና ባላስፈለገ ነበር።

*ለቤት ኅብረታችሁ የውይይት ጥያቄዎች፦*

1. በዚህ ሳምንት «ዲስትራክትድ ነበርኩ» ያልኩበት ጊዜ መቼ ነበር? ጎታቹ ማን ነበር?
2. ከማርታ ሦስት ምልክቶች የትኛው በእኔ አገልግሎት ውስጥ ይታያል?
3. በዚህ ሳምንት ያቋረጠኝ ነገር እንደ ማርቆስ 5 ሴት ነበር ወይስ እንደ ነህምያ 6 መልእክት?
4. በኅብረታችን ውስጥ ተቀምጦ ቃል መስማት ያልቻለ አገልጋይ ማን ነው? ምን ልናደርግለት እንችላለን?

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በብዙ ነገር ተጎትተን ወደ አንተ መጥተናል። በስማችን ጥራን። በሁለት ሀገር መካከል የተከፈለውን ልባችንን ሰብስብልን። በሥራ የደከሙትን እጆች ባርክ፤ በሰው ቤት ያሉትን እህቶቻችንን ጠብቅ፤ በቤታችን ፊታችንን ለሚፈልጉ ልጆቻችን ልብ ስጠን። እያገለገልን አጠገብህ እንድንቀመጥ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።